የሚያይ ቤት

የቤት ደላላ የሆንኩት ሴት ስለሆንኩ ነው። ለቀልድ አይደለም። ጎንደር ወንድ ደላላ አላጣችም፤ ፒያሳ ካፌ በረንዳ ላይ ተደርድረው፣ ቁልፍ እያሽከረከሩ፣ ገብተው ያላዩትን ቤት ሲያሞግሱ ይውላሉ። አንድ ነገር ግን አይሆንላቸውም፤ ጓዳ አይገቡም። ባሏ የሞተባት ወይም ሱዳን ወርዶ የቀረባት ሴት የማታውቀውን ወንድ እስከ መኝታዋ ድረስ አታስገባም። በእኛ በሙስሊሞቹ ሰፈር በአዲስ ዓለም ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ወንዶቹ ሳሎኑን አይተው፣ ኮርኒሱን ቀና ብለው ገምግመው፣ ግቢውን በእርምጃ ለክተው ይወጣሉ። ሳሎን እኮ ቤት አይደለም። ሳሎን ለእንግዳ የሚለበስ ልብስ ነው። ቤቱ ያለው ከመጋረጃው በስተጀርባ ነው።

እኔ እገባለሁ። የማድ ቤቱ ጭስ ወዴት እንደሚወጣ፣ የምታበስለዋ ሴት ቀና ስትል ምን እንደሚታያት አያለሁ። ልጆች ተደግፈው የሚያጠኑበት ግድግዳ ቀለሙ ይለቃል፤ አባወራ ሲቆጣ የሚያላጋው በር ማጠፊያው ይላላል። ሰው ሳይነግረኝ ማን የት ተኝቶ እንዳደገ፣ ማን የት ተቀምጦ እንዳለቀሰ አውቃለሁ። ሙስሊም ገዢ ካመጣሁ ደግሞ ሳልጠየቅ ቂብላውን አሳያለሁ። «ወደ መካ የምትሰግዱት በዚህ በኩል ነው፤ ሽንት ቤቱም ፊቱን ወደዚያ አላዞረም» እላለሁ። ይህን የምትል ደላላ ስለማያውቁ ግማሹ ሥራ እዚያው ላይ ያልቃል።

ባሌ የፈታኝ በዚህ ሥራ ነው። «ስትዞሪ ትውያለሽ፣ ከሰው ጓዳ አትወጪም» አለኝ። ደግ አደረግህ ብዬ ሸኘሁት። ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ የጭቃ ቤት ሠርቼ አንዱን ክፍል ለራሴ ይዤ፣ የቀሩትን ለተማሪዎች አከራይቼ ተቀመጥኩ። ከሰው ጋር ብጣላም ከቤት ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ቤት አይዋሽም፤ የሚዋሹት የሚሸጡትና የሚገዙት ናቸው እል ነበር። ያ ሁሉ ኩራቴ የአባቴን ቤት ሽጪ እስክባል ድረስ ነው።

አባቴ ሐጂ ሸሪፍ እህል ነጋዴ ነበር። አዲስ ዓለም መስጊዱ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ቤት ያሠራው እናቴን ሐዲጃን እንዳገባት ነው። ደምቢያ ኮላ ድባ ገበያ ይወርድ ነበር፤ አንድ ዓመት ሽምብራ ሊገዛ ወርዶ ሚስት ይዞ ቀረ እያሉ ያፌዙበታል። ሁለተኛ ቤት መሠረተ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ በየዒዱ ለኮላ ድባዎቹ ልጆች ከእኔ ልብስ ጋር አብራ ታሰፋላቸው ነበር። አባቴ ሲሞት ቤቱን ማንም እንካፈል አላለም። ዓመታት አለፉ። እኔ ማራኪ፣ እናቴ አዲስ ዓለም፤ አርብ አርብ እየሄድኩ ከእጇ በልቼ፣ ተመርቄ እመለስ ነበር።

በ1999 ጎንደር አበደች። ሚሊኒየሙ መጣ ተብሎ አጥሩ ሁሉ ቀለም ይቀባል፣ በየአደባባዩ አበባ ይተከላል፣ የሰሊጥ ነጋዴው ከመተማና ከሁመራ እየወጣ መሀል ከተማ ቤት ይገዛል። እንዲህ ባለው ሰሞን በአባት ወንድሜ የሆነው ኡዘይር ከአንድ ሽማግሌ ጋር ከኮላ ድባ መጣ። እናቱም ሞታ ነበር፤ እህት ወንድሞቹን የሚያሳድገው እሱ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ወንበር እያለለት በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ «እማማ ሐዲጃ፣ የአባታችንን ነገር…» ብሎ መጨረስ አቃተው።

እናቴ ቃሉን ተቀበለችው። «ምነው እስካሁን ዘገያችሁ ልጄ? ሐቃችሁ እኮ ነው።»

ሽማግሌው እንኳ ያዘጋጀውን ንግግር ዋጠው። እኔ ግን ተናደድኩ። በኡዘይር እንዳልናደድ ልጁ የጨዋ ልጅ ነው፤ ገና አባቱ ሲሞት ሊጠይቅ ሲችል ስንት ዘመን ታግሷል። የእኔን የማራኪ ቤት ሸጬ ድርሻቸውን ልክፈላቸው ብዬም አስቤ ነበር። ሁለቱን ቤት ዓይቶ ለሚያውቅ የሚያስቅ ሐሳብ ነው፤ የእኔ ጭቃ ቤት የአንዳቸውን ድርሻ እንኳ አይሞላም። ቤቱ መሸጥ ነበረበት፤ ሻጯም እኔ ነኝ። ሌላ ደላላ እናቴ ጓዳ እንዲገባ ነው?

«አንቺ ዘንድ እኖራለሁ» አለችኝ እናቴ፣ እንደ ቀላል ነገር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

መጀመሪያ ያመጣኋቸው ገዢዎች አቶ የሻው የሚባሉ የሰሊጥ ነጋዴና ባለቤታቸው ይመኙሽ ናቸው። እሳቸው ግቢውን ሲያዩ እሷን ወደ ውስጥ አስገባኋት። ይመኙሽ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ደረጃው አድክሟት ከጓዳው በር ጎን ያለችውን በርጩማ ስባ ተቀመጠችባት። ስትነሳ መተላለፊያው መሀል ትታት ሄደች። በዚህ መሀል እናቴ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ እንደ ልማዷ ፈጠን ፈጠን እያለች ከጓዳ ወጣች። ቀጥ ብላ መጥታ በርጩማዋን መታቻት። ማንቆርቆሪያው ተንከባለለ፣ እሷም በጉልበቷ ወደቀች።

ቀን ነበር። በመስኮቱ የገባው ብርሃን በርጩማዋ ላይ አርፎባት ነበር።

«ማነው በርጩማዬን ከቦታዋ ያነሳት?» ብላ ጮኸች እናቴ። እናቴ በእንግዳ ፊት ጮኻ አታውቅም። ላነሳት ስል እጄን መነጨቀች። «እጄን አትያዢኝ!»

እንግዶቹን እንደምንም ሸኝቼ ተመለስኩ። ድምፅ ሳላሰማ መጋረጃው ሥር ቆምኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች፤ ፊቷ ወደ እኔ ነው። አላየችኝም። ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ የወለደችኝ እናቴ አላየችኝም።

«እማ» አልኳት።

ደንገጥ ብላ ጉልበቷን ማሸት ተወች። «እንግዲህ አወቅሽ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አባትሽ ከሞተ ወዲህ ነው። ቀስ እያለ ሄደ። መጀመሪያ ሩቁን ወሰደው፤ ከዚያ የቁርኣኑን ፊደል፤ በመጨረሻ ፊታችሁን።» ጎረቤት ሐኪም ዘንድ ወስዳት ነበር፤ ነርቩ ሞቷል፣ ዘግይተሻል ብሏታል። የሰው ግድግዳ ስንጥቅ ከሩቅ የማየው እኔ፣ አርብ አርብ ከፊቷ ቁጭ ብዬ የበላሁት እኔ፣ ምንም አላየሁም። «ከስተሻል» እኮ ትለኝ ነበር! ከስተሻል የምትለኝ ለካ የእጄን አንጓ ጨብጣ ነው።

«እንዴት ነው የምትኖሪው እማ? እንዴት ነው ማድ ቤት፣ ሽንት ቤት የምትሄጂው?»

እንደ ሞኝ ነገር ሳቀችብኝ። «ቤቱ ያይልኛል» አለች። እጇን ሳታነሳ በአገጯ እያመለከተች አስጎበኘችኝ። በበሩ ስትገባ በስተግራ አልጋው፣ በስተቀኝ መስኮቱ፣ ፊት ለፊት ባዶው ግድግዳ፤ እዚያ መስገጃዋን ታነጥፋለች። ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ የተፈለፈለች ኪስ አለች፤ መቁጠሪያዋ ሙሰበሃና መድኃኒቷ እዚያ ናቸው። ጠዋት ስትሰግድ ፀሐይ ቀኝ ጉንጯን ታሞቃታለች፤ ጉንጯ ሲሞቅ ነግቶ ከፍ እንዳለ ታውቃለች። የመተላለፊያው ወለል አንድ ቦታ ላይ ይንቋቋል፤ እዚያ ስትደርስ ወደ ጓዳ ትዞራለች። በዚያ ቤት ውስጥ እናቴ ከእኔ የበለጠ ታያለች። እኔ እንኳ በጨለማ ብነሳ አንዱን ጥግ መምታቴ አይቀርም።

«ለኡዘይር ልንገረው» አልኳት። «ዛሬውኑ ይተወዋል። ወላሂ ይተወዋል።»

«እሱን ነው የምፈራው» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። «ጨዋ ልጅ ነው፣ ይተወዋል። በይሉኝታ የተተወ ሐቅ ግን ያው ሐቅ ነው፤ ነገ አላህ ፊት ይጠይቀኛል። ከነእህት ወንድሞቹ ተቸግሮ የመጣን ልጅ ዓይኔን አሳይቼ ድርሻውን አላስጥለውም። ለሰውም ብትነግሪ፣ ለእሱም ብትነግሪ ዓፉ አልልሽም ፈትሂያ። ማዪልኝ።»

ማልኩላት። ምን ላድርግ? የእናት ነገር ነው።

መማል ማልኩ እንጂ አርፌ አልተቀመጥኩም። ደላላ ነኝ፤ ቤት እንዴት እንደሚሸጥ የምታውቅ ሴት እንዴት እንደማይሸጥም ታውቃለች። ቀጥለው ለመጡት ሁሉ ቤቱን ማማት ጀመርኩ። ክረምት እርጥበት ያስገባል አልኩ። ድንጋዩ ከውጭ ነው እንጂ ውስጡ ፍርስርስ ነው አልኩ። በማስተር ፕላኑ መንገድ ሊያልፍበት ይችላል ብዬ በጆሯቸው አንሾካሾክኩ፤ ከዚያ ወዲያ የቆመ ገዢ የለም። አንድ መምህር እንዲያውም «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ሐቀኛ ደላላ አጋጠመኝ» ብሎ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። እንዲህ እያልኩ እናቴን ቤቷ ውስጥ አቆያታለሁ፣ ኡዘይርም ገዢ ጠፋ ይላል ብዬ ነው።

ዓይኗ ቢሄድ ጆሮዋን የወሰደው አልነበረም። መምህሩን ሸኝቼ ስገባ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ አገኘኋት።

«እርጥበታም ያልሽው ይህንን ቤት ነው?»

መጋረጃውን ገለጥኩት።

«አባትሽ ድንጋዩን ከወንዝ ዳር እያስመረጠ ያመጣው፣ ኖራውን እኔ በእግሬ ያቦካሁት፣ አንቺ የተወለድሽበት ቤት ነው ፍርስርስ የሆነው? የሞተን ሰው ያማሉ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ቤት ሲታማ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። የልጆቹን ሐቅ እንዳስቀር ከምታደርጊኝ ስሙን ሳታጎድፊ ሽጪው። አልሸጥም ካልሽ ልንገርሽ፤ ከፒያሳ አንዱን ጎረምሳ አስጠራለሁ። እስከ አልጋዬ ድረስ ይግባ!»

የሻውንና ይመኙሽን መልሼ ጠራኋቸው። እንግዲህ እውነቱን ልናገር ብዬ ቆረጥኩ፤ የዚያን ቤት እውነት ሳይቀንሱ የተናገሩት እንደሆነ ቤቱ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ብዙ ቤት አሳይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አላሳየሁም፣ ከእንግዲህም አላሳይም። ይመኙሽን በየክፍሉ አዞርኳት። አባቴ የሚቀመጥበትን ጥግ፣ ዝናብ ሲዘንብ የቆርቆሮው ድምፅ ከየትኛው ክፍል ሲሰማ ደስ እንደሚል፣ ልጅ ታሞ ሲያለቅስ ከጓዳ ሆና እንደምትሰማው ነገርኳት። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እያዳመጠች ነበር። መተላለፊያው ላይ ስንደርስ የማላውቀው ነገር ምላሴን ያዘና፣ «ይህ እኮ ዓይንን ጨፍነው የሚሄዱበት ቤት ነው» አልኳት።

ይመኙሽ ሳቀች። «እስቲ!» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ያን የመሰለ ገላ ይዛ፣ እጇን እንደ ሕፃን ወደፊት ዘርግታ፣ የሚንቋቋው ወለል ላይ ደረሰች፣ ዞረች፣ ጓዳ ገባች። ምንም አልነካትም። ከውስጥ ሆና፣ «የሻው! ና እስቲ፣ ይህን ቤት ወድጄዋለሁ!» ብላ ተጣራች።

እናቴን አየኋት። ፈገግ ብላ ነበር። ቤቷ በመመስገኑ ደስ ብሏታል። እኔ በረንዳ ወጥቼ፣ ጀርባዬን ለግቢው ሰጥቼ አለቀስኩ።

ውል የተፈራረምን ዕለት ኡዘይር ወደ ዳር ጠራኝ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «እማማ ሐዲጃ ተቀይመውኛል?»

«አልተቀየመችህም።»

«ስናገራቸው ዓይኔን አያዩኝም። አልፈውኝ ያያሉ። በልጅነቴ ለዒድ ስመጣ ፊቴን ይዘው ነበር የሚያዩኝ። ከተቀየሙኝ ንገሪኝ። ቤቱ በአፍንጫዬ ይውጣ።»

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። ውሉ ገና እጃችን ላይ ነው፤ የየሻው ፊርማ ቀለም እንኳ አልደረቀም። አንድ ቃል ብተነፍስ እናቴ በርጩማዋ አጠገብ ትኖራለች። አፌ ውስጥ መሐላዬ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

«አልተቀየመችህም አልኩህ» ብዬ ተቆጣሁት። «ሰው ሲያረጅ እንዲያ ነው።»

አመነ ወይም ያመነ መሰለ። አንገቱን ደፍቶ ወደ ኮላ ድባ ወረደ። እስከ ዛሬ ድረስ እናቴ እንደጠላችው ነው የሚያውቀው።

ቤቱን በሐምሌ እንድናስረክብ ተስማማን። እኔም በቀረኝ ጊዜ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ማራኪ ካሉት ክፍሎቼ ትልቁን ከተማሪዎች አስለቀቅኩ። ይህን ክፍል የእናቴ ክፍል አደርገዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ግንበኛ አምጥቼ ሁሉን ከበሩ ጀምሬ አስለካሁት። በበሩ ስትገባ በስተግራ አልጋው፣ እዚያው ከግድግዳው ተጠግቶ። በስተቀኝ መስኮት ነበረው፤ ተመስገን አልኩ። ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ ጭቃውን አስፈልፍዬ ኪስ አወጣሁለት፣ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ፊት ለፊት ግድግዳው ባዶ። በርጩማዋን በቦታዋ አስቀመጥኩ። ግንበኛው «ሴትዮ፣ ንግሥት ነው እንዴ የምትገባው?» አለኝ። አዎ አልኩት። በሥራዬ ዘመን ሁሉ ሰው ቤት ሲፈልግ ቤት አሳይቻለሁ፤ ቤትን አንስቼ ሌላ ቦታ ስተክል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ኮራሁ።

እናቴን ያመጣኋት ቀን ዝናብ ይዘንብ ነበር። አዲስ ዓለም ላይ ከበሩ ስትወጣ መቃኑን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ሌላ ምንም አላለችም። ማራኪ ስንደርስ በበሩ አስገብቼ ለቀቅኳት። ግራ እጇን ዘረጋች፤ አልጋዋን አገኘች። ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ መስኮቱን፣ ዝቅ ብላ ኪሷን፣ ኪሷ ውስጥ ሙሰበሃዋን አገኘች። ቆማ ቀረች። ከዚያ እየሳቀች ወዲያ ወዲህ አለች፣ እንደ ልጅ አልጋዋን መታ መታ አደረገች።

«አንቺ ልጅ ጅን ነሽ!» አለችኝ።

«ምንም የተለወጠ ነገር የለም እማ። ሁሉም እንደነበረው ነው፤ ያው ቤትሽ በይው።»

«ያው ቤቴ ነው» አለች። «አላህ የልብሽን ይስጥሽ። ማንም እንዲህ አያደርግም።»

ክረምቱን እንዲህ አለፍነው። ግቢው አልሆነላትም፤ ቧንቧው ጋ ስትሄድ ከተማሪዎቹ ጋር ትጋጫለች፣ ያሰጡት ልብስ ፊቷን ይመታታል፤ እጇን ልይዛት ስል አሁንም ትመነጭቀኛለች። ክፍሏ ስትገባ ግን ቀና ትላለች። በሯን ዘግታ ትሰግዳለች፤ ወትሮም አባቴ እንኳ ሶላቷ ላይ አይገባባትም ነበር። እኔ ጠዋት እወጣለሁ፣ አመሻሹ ላይ እገባለሁ።

በነሐሴ በአዲስ ዓለም ሳልፍ የሻው ቤቱን አፍርሶታል። ፎቅ ሊሠራ ነው አሉ። ጣሪያውም፣ ሳሎኑም የለም፤ የእናቴ ክፍል አንድ ግድግዳ ብቻ ቆሞ ነበር። የሙሰበሃዋ ኪስ ለመንገደኛው ተጋልጣ፣ ውስጧ ዝናብ ተጠራቅሞባት ነበር። ይመኙሽ መንገድ ላይ አግኝታኝ «እኔስ አዝኛለሁ፣ እሱ ነው» አለችኝ። ማታ እናቴ ጠየቀችኝ።

«ቤቱስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ቀለም ቀቡት?»

«ቀቡት እማ።»

«ምን ዓይነት?»

«ነጭ» አልኳት።

በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው በእንቁጣጣሽ ማግሥት ነው። ከተማው ገና የሚሊኒየሙን ከበሮ ሳይጨርስ እኛ ጾም ያዝን። በጾም ሥራ አላበዛም፤ አንድ ቀን ለማፍጠሪያ ቴምር ገዝቼ በዐስር፣ በከሰዓቱ ሶላት ሰዓት ቤት ገባሁ። ክረምቱ ወጥቶ ስለነበር ሙቀቱ ብሶባት ነው መሰል፣ የእናቴ በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል። በመስኮቷ የከሰዓት ፀሐይ ገብታ ክፍሉን ሞልታዋለች። እናቴ ነጭ ሻሿን ተከናንባ ትሰግዳለች።

ቴምሩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ጀርባዋን ነበር የማየው። ጀርባዋን የማየው በሩ ላይ ቆሜ ነው። በሩ ደግሞ በሰሜን በኩል ነው። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእሷ ግድግዳ ወዲያ ማዶ፣ በቀን አምስት ጊዜ ወደ ሰሜን እሰግዳለሁ። እናቴ መካን በጀርባዋ አድርጋ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዘዞ ዞራ ግንባሯን መሬት ላይ ደፍታ ነበር።

የአዲስ ዓለሙ ክፍል በር በደቡብ ነበር። እኔ ሁሉን ከበሩ ጀምሬ ስለካ ክፍሉን እንዳለ አዙሬ ተከልኩት። ለማላውቀው ገዢ ሁሉ ሳልጠየቅ ቂብላ የማሳየው እኔ፣ ለእናቴ «ምንም የተለወጠ ነገር የለም» አልኳት። እሷም አመነችኝ። ሌላ ሰው ቤት ብትሄድ ገና ሳትቀመጥ ቂብላው በየት ነው ብላ ትጠይቅ ነበር። የራሷ ቤት መስሏት ነው ያልጠየቀችው።

ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አሰላምታ ሶላቷን እስክትጨርስ ጠበቅኩ። መቃኑን ተደግፌያለሁ።

«ፈትሂያ ነሽ? ነይ ግቢ» አለች፣ ሙሰበሃዋን ከኪሷ እያወጣች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ፀሐይዋን ጠዋት ጠዋት ስጠብቃት ቀረች። ደመና ነው፣ ዘንድሮ ክረምቱ ጠና አልኩ። አሁን ደግሞ መምጣትስ መጣች፤ ግን በዐስር ሆነ የምትመጣው። ቀኝ ጉንጬን በዐስር ታሞቀኛለች።» ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የፈራ ሰው ሳቅ ነበር። «ዓይኔ ሄዷል፣ አሁን ደግሞ አእምሮዬም ሊሄድ ነው እንዴ? ምነው ልጄ፣ ሰዓቱ ነው የተምታታብኝ?»

አእምሮዋ ምንም አልሆነም ብዬ መናገር ነበረብኝ። ዝም ብዬ አእምሮሽ ነው ልበላት? አልቻልኩም። መስገጃዋ ጫፍ ላይ ተንበርክኬ፣ «እማ፣ ሰዓቱ አይደለም። ክፍሉ ነው። ክፍሉን አዙሬ ነው የሠራሁት። ቂብላው በጀርባሽ ነው» አልኳት።

ሙሰበሃዋ እጇ ላይ ቆመ።

«ከመጣሁ ጀምሮ?»

«ከመጣሽ ጀምሮ።» ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። «ዱዓሽን ሁሉ፣ ሶላትሽን ሁሉ አበላሸሁብሽ።»

እጇን ዘርግታ ፀጉሬን ፈለገችና አገኘችው። «ተይ፣ አታልቅሺ። በጾም አፍሽ አታልቅሺ። ሶላቴስ ደርሷል፤ ያላወቀን ሰው አላህ አይዝበትም። እሱ የት እንዳለሁ ያውቃል» አለችኝ። ከዚያ ሙሰበሃዋን ወደ ኪሷ መልሳ፣ «በይ አዙሪኝ» አለች።

ትከሻዋን ይዤ አስነሳኋት። እንደ ላባ ቀለለችኝ። ፊቷን ወደ በሩ፣ ወደ ሰሜን አዞርኳት፤ መስገጃዋንም ከእግሯ ሥር አዙሬ አነጠፍኩላት። ቀጥ ብላ ቆመች። ቀኝ እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች፤ አየር ጨበጠች። ዝቅ አድርጋ ኪሷን ፈለገች፤ እጇ አልጋዋ ላይ አረፈ። እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ግራ እጇን ዘረጋች፤ ያቺ የማታውቃት ፀሐይ ጣቶቿ ላይ ወደቀች። እንደ ተሳሳተ ሰው እጇን መለሰች። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ሲሄድ አየሁት። በርጩማዋን የመታች ቀን እንኳ እንዲያ አልሆነችም።

«ፈትሂያ» አለችኝ፤ «አሁን የት ነው ያለሁት?»

«እኔ ቤት ነሽ እማ» አልኳት።

እንደገባት ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያስ እጅሽን ስጪኝ» አለች።